መሪ ይዞ መቅናት

ሾፌሩ ለዓመታት ሚስቱን ሥራ ቦታዋ የሚያደርሳት በሚነዳው የከተማ አውቶቡስ ነበር። ከጀርባው ያለችው ወንበር የእሷ ነበረች፤ ቤት ውስጥ ልጆች የማያስጨርሷቸውን ወሬ እዚያ ይጨርሱታል። ታዲያ አንድ ቀን ብስክሌት ገዝታ መጣችና፣ «ከእንግዲህ በራሴ ጉልበት ነው» አለችው። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ብስክሌቱ ባልከፋ። የከፋው ብስክሌት ያስተማራት ሰው ነው። እሷ ቀለም በምትቀባበት የቤት ዕቃ ፋብሪካ የሚሠራ አናጺ ነው፤ ቁመቱ መለሎ፣ ሲስቅ ሰፈር የሚሰማው። በየጠዋቱ ጎን ለጎን ሆነው ይሄዳሉ። «እህት ዓለም» ነው የሚላት።

«እህት ዓለም ያለ ሁሉ ወንድም ነው እንዴ?» አላት ሾፌሩ።

«አንተ ደግሞ! ተሳፋሪዋን ሁሉ ‹እናቴ› ስትል፣ ስንት እናት አለህ ብዬህ አውቃለሁ?»

 የቀና ሰው ግን መልስ ቢያጣም ነገር አያጣም። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው አውቶቡሱን አስጠግቶ ማለፍ ጀመረ። ሊነካቸው አይደለም፤ ሰውየው ደንገጥ ይበል ብሎ ነው።

አንድ ጠዋት ጠባቡ ድልድይ ላይ ደረሰባቸው። ከፊት ጭነት መኪና እየመጣ ነው። ትንሽ ቢታገስ ሁሉም በሰላም ያልፉ ነበር። ሚስቱ ግን አንድ ነገር አለች፤ አናጺው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ።  ሾፌሩ ክላክሱን ነፋና ነዳጅ ረገጠ።

«ኧረ ሾፌር! ሰው ገጨህ!» ተሳፋሪዎቹ ጮኹ።

ሾፌሩ አውቶቡሱን አቁሞ ወረደ። አናጺው ትከሻውን ይዞ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል። «እህት ዓለም፣ አንቺ ደህና ነሽ?» ይላል። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ በገዛ እጁ የጣለውን ሰው እያየ፣ ሾፌሩ ቀና። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። 

የተናገረችው አናጺው ሐኪም ቤት ገብቶ፣ የትከሻው አጥንት መሰበሩ ከታወቀ በኋላ፣ ቤታቸው ውስጥ ነው።

«እሱ ሁልጊዜ በመኪናው በኩል የሚሆነው ለምን ይመስልሃል? የአውቶቡስ ንፋስ ስለሚያስፈራኝ ነው። ስታስጠጋብን ይናደዳል፤ እኔ ደግሞ ‹አላየንም ይሆናል፣ ባሌ ሰው አይጋፋም› እለዋለሁ። አይተኸን ነበር?»

«አይቻችኋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቀናሁ።»

ትራሷን አንስታ ልጆቹ ጋ ሄደች።

በማግስቱ እውነቱን ለአለቃው ተናገረ፤ ከሥራ ታገደ። ከዚያ እንደ ምንም ራሱን አደፋፍሮ አናጺውን ሊጠይቅ ሄደ። አናጺው ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ እንጨት ሊልግ ሲታገል አገኘው።

«ይቅር በለኝ» አለው። ነገሩ ግን ስላልወጣለት ጨመረበት፤ «እስቲ ምለህ ንገረኝ፣ በመካከላችሁ ነገር አለ?»

አናጺው መሳቅ ጀመረና ትከሻውን ሲያመው አቋረጠው። «ለገጨኝ ሰው ደግሞ ልማልለት? አልምልም! ሚስትህን እመናት፤ ካቃተህም ቅና፣ ማን ይከለክልሃል። መሪ ይዘህ ግን አትቅና፣ ወንድሜ!»

ከጥቂት ወራት በኋላ ሾፌሩ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ። ሚስቱም ወደ አልጋዋ ተመልሳ ነበር፤ ወደ አውቶቡሱ ግን አልተመለሰችም። አንድ ጠዋት ዳገት ላይ ብቻዋን ብስክሌቷን ስትገፋ ደረሰባት። ፍሬን ያዘና ከኋላዋ ቀስ ብሎ ተከተላት።

«ምን ሆኖ ነው የሚንፏቀቀው?» አለ አንድ ተሳፋሪ።

«ብስክሌት አለ» አለ ሾፌሩ።

መንገዱ ሲሰፋ ራቅ ብሎ አለፋት። እጇን አንስታ አመሰገነችው፤ ልቡ ሞቀ። ወዲያው ግን ከኋላው እንደ እሱ ታግሶ ላለፈው ባለታክሲም እጇን ስታነሳ አየ።

«እሱ ደግሞ ምን ቤት ነው?» አለ ሾፌሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።