ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር

ወላሂ፣ ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴ ይድረቅ። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ አሰበ ተፈሪ ላይ፣ ከሚኤሶ የመጣችው ድመት ከማዳበሪያ ከረጢቱ ስትወጣ፣ መብረቅ የሚባለው ውሻ ሊይዛት ዘሎ መጥቶ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ።

"ተዋት ሙሜ፣ አትከልክላት" አለች ወተት ሻጯ ዙህራ፣ ድመቷን ያመጣላትን ወንድሟን።

መብረቅ የማትሮጥ ድመት አይቶ አያውቅም። ድመቷም ያደገችው ባቡር ጣቢያ፣ ፉርጎ ሥር ነው፤ ውሻ ምን እንደሆነ የነገራት የለም። አሸተታት። አሸተተችው። ከዚያ አፍንጫው ላይ አሳረፈችበት። ጩኸቱ ገለምሶ ድረስ ተሰማ።

"ገና ነው" አለች ዙህራ።

ቂሙ የተጀመረው ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ዙህራ ለአብዱልቃዲር ሻይ ቤት የምትሸጠውን ወተት መብረቅ አፉን ድስቱ ውስጥ ከቶ ላሰው። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ካልታጠበ አይነካም። የውሻው ባለቤት አምባው፣ በቅርብ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ፣ ይህን አያውቅም።

"በውኃ ለቅለቅ አድርጊው፣ ምን ያስለፈልፍሻል?" ብሎ ደንበኞቿ ፊት ሳቀባት።

በነጋታው አብዱልቃዲር መጣ። "አትቀየሚኝ ዙህራ፣ ያ ድስት በደንቡ ሳይታጠብ ወተትሽን ብገዛ ሻይ ቤቴ ሰው አይገባም።"

ማጠብ አቅቷት አይደለም። "ባለ ውሻው ያጥበዋል" ብላ ድስቱን በሯ ላይ ደፍታ ተወችው። ወተቱንም ዘጠኝ ቀን ሙሉ የሚገዛት አጣች።

ድመቷ አሁን አምባው ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። መብረቅ አልጋ ሥር ገብቶ ሦስት ቀን አልወጣም፤ የሚያደርገውን ሁሉ እዚያው አደረገ። በአራተኛው ቀን አምባው አፍንጫውን ይዞ መጣ።

"ዙህራ፣ እባክሽ ድመትሽን ውሰጂልኝ።"

"ምን አደረገችህ ጓድ አምባው? ተቀመጠች እንጂ።"

"ቤቱ እኮ ሸተተ።"

"በውኃ ለቅለቅ አድርገው።"

ሙሜ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "እሺ፣ ምን ላድርግልሽ?" አለ አምባው።

"ድስቱ ያውልህ። ሰባት ጊዜ፤ አንዱን በአፈር።"

ከቦኖው ተሰልፎ ውኃ ቀዳ። አብዱልቃዲር ደንበኞቹን አስከትሎ ሊያይ መጣ። አምባው እጅጌውን ሰብስቦ ሲያጥብ ሰዉ በኦሮምኛ ቆጠረለት፤ "ቶኮ... ለማ... ሰዲ..." "ቶርባ" ተብሎ ሰባት ሲሞላ ቀና አለ። አፈሩን ግን ረስቶት ነበር።

"አፈሩስ?" አለች ዙህራ። "ከአንድ ጀምር።"

ባዶውን ባልዲ አየ፤ የቦኖውን ሰልፍ አየ። ባልዲውን አንሥቶ ሄደ።

አሁን አንዲት ነገር ላርም። አፈሩን ረሳ ያልኩት የኔ ፈጠራ ነው። በሦስተኛው ላይ አፈር ዘግኖ ድስቱን ደህና አድርጎ አሽቶታል። ሁላችንም አይተናል፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። ዙህራም አይታ ነው "ከአንድ ጀምር" ያለችው።