አፍንጫ የሌለው ኒውተን

ሰፈሩ «ጀሶው» ነው የሚለው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነዋ! ለትምህርት ቤትና ለቢሮ መደርደሪያ ጌጥ የሚሆኑ የሳይንቲስት ምስሎችን ከጀሶ ይሠራል። እሱ አቡክቶ ፎርማ ውስጥ ያፈሳል፤ ሚስቱ ፊታቸውን በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች። ስትጨርስ ከአንገታቸው ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ እርጥብ ጀሶ ጠብ አድርጋ አውራ ጣቷን ትጫንበታለች። ማኅተሟ ይኸው ነው።

ዘንድሮ ግን ዓይኗ ከዳት። ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣቸውም። እሷ ግን ወይ ፍንክች! «እጄ ያያል» ትላለች። የቱን ያያል እቴ! ኒውተንን አፍንጫ አሳጣችው፤ የአንስታይንን ሪዝ ሙልጭ አድርጋ ላጨችው።

ምን ያድርግ? «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!» ይላታል። ጋደም ስትል ጠብቆ የተበላሹትን ከጆንያ ኋላ ይደብቅና ሌላ አፍስሶ፣ ፈትጎ ይተካል። አንዱን ሥራ ሁለቴ። ወገቡ ተቆረጠ፤ ምሳውን እያኘከ ማንቀላፋት ጀመረ። እውነቱን ቢነግራት ግን ወንበሯን ትታ ቤት ልትውል ነው። ያለ እሷ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ሊሆን ነው?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለአንድ ትምህርት ቤት የሚላኩትን ምስሎች «ዛሬ እኔ ላሽግ» አለች። ኒውተንን አንስታ ጣቷን ከአንገቱ ሥር ሰደደች። ሌላ ገለበጠች፤ ሌላም። ሁሉም ልስልስ። ባሏ ክው አለ፤ ምስሎቹን ሲተካ ማኅተሟን ረስቶታል።

«አንተ ሰውዬ፣ የኔዎቹ የት ሄዱ?»

«እ… የትኞቹ?»

«ተው እንጂ። አፍንጫ የሌላቸው።»

ጆንያው ላይ ዘጭ አለ። «ደከመኝ» አላት፤ «እውነቴን ነው፣ ደከመኝ። ቤት ትቀሪብኛለሽ ብዬ ነው። ለካ ታውቂ ነበር?»

«አፍንጫው ሲያልቅ ጣቴ አይሰማውም?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እሰይ ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበራ» አለች። «ውሸትህን መሆኑን እያወቅሁ።»

ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ እሷ ግድግዳውን እየዳበሰች ሄዳ ከጀሶው ገንዳ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጅጌዋንም ሰበሰበች።

«ማቡካት ዓይን አይፈልግም። ውሃ አቀብለኝ።»

አቀበላትና ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። አንድ ኒውተን አለስልሶ ሲጨርስ እንደ ወጉ ከአንገቱ ሥር እርጥብ ጀሶ ጠብ አደረገና አውራ ጣቷን ያዘ። እሷ ግን እጇን ነጠቀችው።

«የፈተገው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ያንተን ተጫን» ብላ ወደ ገንዳዋ ዞረች።

ተጫነ።