ራዲዮ ድምፅዋን ስትቀይር

ልጄ ሁለት ዓመት እንደደፈነች ምላሷ ጤፍ ይቆላ ጀመር። ጠዋት ስትነቃ የጀመረችው ወሬ ማታ ዓይኗ እስኪከደን አያልቅም፤ ለዚህ ነው አባቷ «ራዲዮ» ብሎ ስም ያወጣላት። እኔ ደግሞ የእናት ነገር ሆኖብኝ፣ ቃላቱን እየለቀመች አጥርታ ስትናገር በሰማሁ ቁጥር እንደ እሷ ያለ ልጅ የተወለደ አይመስለኝም። የዳቦ ቤት ባልደረቦቼ ይህንኑ ሲሰሙ እየዋሉ ሰልችቷቸዋል።

ታዲያ በአንድ ሳምንት ውስጥ አነጋገሯ ተበላሸ። ከንፈሯን ገጥማ፣ በጥርሷ መሀል፣ በአንድ በኩል ብቻ ማውራት አመጣች። «እማዬ» ትለኝ የነበረች ልጅ ታጉረመርምብኛለች፤ ውሃ ትጠይቀኝ ዳቦ መለየት አቃተኝ። ደግሞ ኮስተር ብላ፣ ሥራ እንደበዛበት ሰው። ጎረቤቴ ደግሞ የፊቷ አንድ ጎን ጠመም ያለ ይመስላል አለችኝ። የነርቭ በሽታ ቢሆንስ? ያ የሚያምር አፍ በዚያው ቢቀርስ?

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ዳቦ ቤት ስውል ልጅቷን ሱቁ ውስጥ የሚያውላት እሱ ነው። ለውጡን አላየህም ወይ ብለው፣ የምን ለውጥ አለኝ። የምትለው ሁሉ ይገባዋል! እፊቴ አንድ ነገር አጉረመረመችለትና ተነሥቶ ውሃ ሰጣት፤ የፈለገችውም ውሃ ነበር። ደሜ ፈላ። የልጁ ሕመም የማይታየው አባት ምን ያደርጋል እያልኩ ስብሰለሰል አደርኩ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ልወስዳት ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባሌ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የአንድ ደንበኛ ሱሪ እግር ያሳጥራል። እንደ ልማዱ ስፒሎቹን በከንፈሮቹ መሀል ደርድሯቸዋል፤ ሁለት እጅ አይበቃውም፣ ሦስተኛው አፉ ነው። ዞር ይበሉ አለ በጥርሱ። ለሌላ ሰው ማጉረምረም ነው፤ ደንበኛው ግን ለምዶታል መሰለኝ ዞረ። እኔም ከለመድኩት ብዛት እንዲህ እንደሚያወራ ረስቼው ኖሯል።

ከኋላው ራዲዮ ተንበርክካለች። በርጩማውን ቁራጭ ጨርቅ አልብሳ፣ ጠርዙን እያጠፈች፣ ከንፈሯን ገጥማ በርጩማውን ዞር በል ትለዋለች። የቅንድቧ አጨማደድ እንኳ የአባቷ ነው። እንዴት ያለች ልጅ ናት ብዬ ልስቅ ስል አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። ከንፈሯ እንዲያ የተገጠመው ምን ይዞ ነው?

«አፍሽን ክፈቺ» አልኳት።

እምቢ አለች። አገጯን ስይዛት ጭራሽ አጠበቀችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ልጅን መጨመር የረሱ ናቸው። አስገድጄ እንዳልከፍተው፣ ብትውጠውስ? ባሌ ዞሮ ሲያየን ፊቱ አመድ መሰለ። ሊናገር ሞከረ፤ እሱም አጉረመረመ። እሷ ግን እኔን አይደለም የምታየው፤ የእሱን አፍ ነው።

ያን ጊዜ ገባው። ስፒሎቹን ከአፉ ቀስ እያለ አንድ በአንድ አውጥቶ መዳፉ ላይ ደረደረ። እሷም ትንንሽ ጣቶቿን ወደ ከንፈሯ ሰድዳ አንድ አወጣች። ደገመች። በጣቶቿ መሀል ምንም የለም። ባዶውን እየቆነጠረች፣ አባቷ መዳፍ ላይ ከእውነተኞቹ ጎን አስተካክላ ታስተኛዋለች። ደንበኛው የሱሪው አንድ እግር እንደታጠፈ ቆሞ ትንፋሹን ይዟል። ከዚያ አፏን ከፈተችው፤ ጥርስና ምላስ ብቻ።

«ሁለተኛ አፌ ውስጥ አይገባም» አለ ባሌ። ስፒሎቹንም አንድ በአንድ እጅጌው ላይ ሰካቸው።

እኔ በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ መደነቁ በልጦብኝ። የሌለ ስፒል እንዳትውጥ ሳምንቱን ሙሉ ተጠንቅቃ ነው የከረመችው። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከየት ይመጣል?

ራዲዮ መጥታ እንባዬን አየች። አንድ የቀራት ኖሮ ከከንፈሯ ቆንጥራ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

«እማዬ፣ ቀስ፣ ይወጋሻል» አለችኝ፤ እንደ ድሮው አጥርታ።

መዳፌን ቀስ ብዬ ገጠምኩት።