ቀያሹ የመረጠው ሐውልት

በመሬት ቅየሳ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ጡረታ ሲወጣ መሣሪያውን ያስረክባል እንጂ አመሉን አያስረክብም። የእኛም ቀያሽ እንደዚያው ነው። ሰው ቤት ሲገባ ገና ሳይቀመጥ የመስኮቱን ስፋት ይገምታል፤ ግድግዳው ትንሽ ዘመም ካለ ባለቤቱን ሳያሳቅቅ አይወጣም። ያላወቀው ነገር ካለ ደግሞ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ቧንቧ ሠሪ አስቁሞ ስለ ቧንቧ፣ ዳቦ ጋጋሪ አስቁሞ ስለ እርሾ ሲጠይቅ ነው የኖረው።

ዘንድሮ ግን ያ ሲለካበት የኖረው ዓይን ከዳው። ከክረምቱ ጀምሮ የሰው ፊት እንደተነፈሱበት መስታወት እየደበዘዘበት መጣ። ትልልቁን ነገር ያያል፤ ሕንፃ፣ አውቶቡስ፣ ዛፍ። ትንንሹን በግምትና በድፍረት ነው የሚያልፈው። ይህንንም ለማንም ትንፍሽ አላለም።

የደበቀበት ምክንያት አለው። ጎረቤታቸው ያለው ጡረተኛ ሾፌር ዓይኑ እንደደከመ ለልጆቹ የተናገረ ዕለት ነው ከበር መውጣት የቀረበት። ለእሱ አስበው ነው፣ ክፋት የላቸውም። ሰውየው ግን አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን ኮቴ ሲያዳምጥ ይውላል። ቀያሹ በዚያ በረንዳ በኩል ባለፈ ቁጥር እርምጃውን ያፈጥናል። ሚስቱ ካወቀች ለልጃቸው ትነግራለች፤ ልጃቸው ካወቀች በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

በየዓመቱ በከተማው መሃል ትልቅ የትርኢት ፌስቲቫል ይደረጋል። መንገዶቹ ለመኪና ይዘጋሉ፣ በየመስቀለኛው መድረክ ይተከላል፣ ዳንሰኛው፣ ቀልደኛው፣ ሙዚቀኛው አደባባዩን ይወርሰዋል። ቀያሹና ሚስቱ ቀርተው አያውቁም። ሚስቱ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ሲያሾፍባትም ሲወዳትም “ስልከኛዋ” ነው የሚላት። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ጉድ በጆሮዋ ሲያልፍ ከአፏ አንዲት ቃል አምልጣት አታውቅም።

ልጃቸው የምትሠራው አምቡላንስ ላይ ነው። ሰው በበዛበት ቦታ ምን እንደሚደርስ በእጇ ያነሳችው ነገር ስለሆነ፣ ፌስቲቫሉ ሲቃረብ ምክሯ ማለቂያ የለውም።

“ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ውጡ፤ ግን አትመኑት። ሰው ሲጨናነቅ ኔትወርክ ይጠፋል። ገና ስትገቡ መገናኛ ቦታ ምረጡ። መውጫውን እዩ። ሕዝቡ ከገፋችሁ መልሳችሁ አትግፉ፤ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ አብራችሁ እየሄዳችሁ፣ ትንሽ በትንሽ ወደ ጎን ውጡ። ደግሞ አባዬ፣ አዲስ ነገር በሰማህ ቁጥር እማዬን ጥለህ እንዳትሄድ።”

“እኔ? መቼ ጥያት ሄጄ አውቃለሁ?”

ስልከኛዋ ሳቋን ከሻይዋ ጋር ዋጠችው።

“መገናኛውን ደግሞ ለእኔ ተይው” አለ ቀያሹ። “ዕድሜዬን ሙሉ ነጥብ ስመርጥ ነው የኖርኩት።”

እውነቱን ነው። ቀያሽ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚፈልገው ቋሚ ነጥብ ነው፤ ዝናብ የማያጥበው፣ ከብት የማይነቅለው፣ ከሩቅ የሚታይ ነገር። ሌላው ሁሉ የሚለካው ከዚያ ተነስቶ ነው። አደባባዩ እንደደረሱ ቀያሹ ደረቱን ነፍቶ ዙሪያውን ቃኘ። መድረኩ ይነቀላል፣ ድንኳኑ ይጠቀለላል፤ እነሱን ጣላቸው። ከዚያ ከአንድ ረጅም ነጭ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ጠቆር ያለ ረጅም ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሞ አየ። አምና አልነበረም። አዲስ ያቆሙት መሆን አለበት። ማን ይሆን? ሐኪም? ባለቅኔ? ጃንጥላውስ ለምን? ጥያቄው ገና ከአሁኑ ይበላው ጀመር።

“አገኘሁት! ከተጠፋፋን እዚያ ሐውልት ሥር።”

ስልከኛዋ እጁን ተከትላ አየች። “የቱ ሐውልት?”

“ባለጃንጥላው ነዋ! ሌላ ሐውልት አለ እንዴ?”

ስልከኛዋ ከባለጃንጥላው ዓይኗን መልሳ ባሏን አየች። ከኋላቸው አንድ ሻጭ ፊኛ ሲነፋ ይሰማ ነበር።

“እሺ” አለች በመጨረሻ። “ባለጃንጥላው ሥር።”

“እሱ ተነስቶ ካልሄደ በቀር እኔና አንቺ አንጠፋፋም።”

“ውሃ ገዝቼ ልምጣ። ንቅንቅ እንዳትል።”

ውሃ ልትገዛ ሄዳ ቆየች። ስትመለስ “ከምንጩ ነው እንዴ የቀዳሽው?” አላት፤ አልሳቀችም። ክንዱን ግን በክንዷ ቆለፈች፤ በአደባባይ እንዲህ አድርጋ አታውቅም ነበርና ገረመው። ሰዉ አስፈርቷት ነው ብሎ ደስ አለው፤ የሚጠብቃት እሱ ነውና።

ከዚያ ወዲያ ያ ዝምተኛ አፏ ተከፈተ። “አየህ፣ ቀይ የለበሰችው ትከሻው ላይ ልትወጣ ነው... ወጣች... አሁን በአንድ እግሯ ነው የቆመችው።” “ይኼኛው ሽማግሌ መስሎ ነው እንጂ ልጅ እግር ነው፤ ጺሙ ገመድ ነው።” ቀያሹ ዛሬ ምን ነካት እያለ በሆዱ ይስቃል፤ ሆኖም ከክረምቱ ወዲህ ትርኢት እንዲህ ጥርት ብሎለት አያውቅም። እያዩ፣ እየሰሙ፣ እየተሳሳቁ ሦስት ጎዳና አለፉ።

ጉዱ የመጣው በጆሮ ነው። ከቀኝ በኩል፣ ከጠባቡ መንገድ፣ ከበሮም ያልሆነ መለከትም ያልሆነ ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ እርጥብ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል። ምንድነው? ከምን ሠሩት? ስልከኛዋ የጫማዋን ማሰሪያ ለማጥበቅ ክንዱን ለቃ ጎንበስ እንዳለች፣ ቀያሹ “አንዴ ብቻ አይቼ መጣሁ” አለ፤ ማለቱን እንጂ መስማቷን አላረጋገጠም።

የቆሻሻ ውሃ ቧንቧ ነበር! አንድ ሰው ረጅምና አጭር የፕላስቲክ ቧንቧዎች ደርድሮ አፋቸውን በነጠላ ጫማ እየመታ ያዘፍናቸዋል። ቀያሹ ተጠግቶ በእጁ ዳሰሰ፣ ርዝመታቸውን ገመተ፣ ለምን የረጅሙ ድምፅ እንደሚወፍር ጠየቀ፣ መልሱን ሰምቶ ሌላ ጠየቀ። ዞር ሲል በአጠገቡ ያለው ሁሉ ፊት የሌለው ሰው ነው።

ወዲያው ደግሞ የፌስቲቫሉ ሰልፍ መጣ። ከላይ በኩል ትልልቅ ከበሮ የጫኑ ጋሪዎች ሲገቡ፣ መንገድ ለመልቀቅ የተገፋው ሕዝብ ወደ ጠባቡ መንገድ ጎረፈ። ቀያሹ እግሩ መሬቱን ለቆ የሚሄድ እስኪመስለው ተገፋ። አንድ ክርን ጎኑን ወጋው። ፈራ፤ በሕይወቱ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ለክቶ እንዲህ አልፈራም። መልሶ ሊገፋ እጁን ዘረጋና የሴት ልጁ ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸበት። እጁን ሰብስቦ ደረቱ ላይ አደረገ፣ ከሰዉ ጋር ሄደ፣ ሲገፉትም ወደ ግራ፣ ሲያሳርፉትም ወደ ግራ፣ ትከሻው ግድግዳ እስኪነካ ድረስ። ግድግዳውን ይዞ፣ አንድ በር ጥግ ገብቶ ጎርፉን አሳለፈ። ስልኩን አውጥቶ በልምድ ነካካው፤ ስልኩ ድምፅ የለውም።

ቀና ሲል በጣራዎቹ መሃል ነጩ ሕንፃ ታየው። ወደዚያ ሄደ፤ ግድግዳ ሳይለቅ፣ ጥግ ጥጉን። ባለጃንጥላው በቦታው አለ። ቀያሹ መደቡን ተደግፎ ቁጭ አለና ላቡን ጠረገ።

“ተባረክ” አለው ሐውልቱን። “ማን እንደሆንክ ግን አላወቅንም።”

“አባባ” አለ ሐውልቱ።

ቀያሹ ቀልቡ ተገፈፈ። በተቀመጠበት አንድ ክንድ ያህል ዘለለ።

“አይደንግጡ። ሰው ነኝ። አፍንጫዬ ላይ ዝንብ አርፋለች፣ እባክዎ...”

“ሰው ከሆንክ ራስህ አታባርራትም?”

“እንዳልንቀሳቀስ ቃል አለብኝ። አባባ፣ ዝንቧ!”

ቀያሹ ተነስቶ እጁን ወረወረ፤ መጀመሪያ ጃንጥላውን መታ፣ ቀጥሎ ጉንጩን በጥፊ አላሰው። እጁ ላይ የመዳብ ቀለም ቀረበት።

“ሄዳለች” አለ ሐውልቱ እንባ እየተናነቀው።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያፍር ነበር። ቀያሹም ማፈሩ አልቀረም፤ ጥያቄው ግን ቀደመበት። እጅህ አይዝልም? ከእጅጌው ውስጥ ብረት አለ፣ እስከ ወገብ የሚወርድ፣ ጃንጥላውን የሚሸከመው እሱ ነው። ዓይንህስ? ሰው ዞር ሲል ጠብቄ እጨፍናለሁ። ሲያስልህስ? ማታውኑ ማር እልሳለሁ። ቀያሹ “ወይ ጉድ!” እያለ ዙሪያውን ዞረው።

“ቃል ያልከው ለማን ነው ታዲያ?”

ሐውልቱ ትንሽ አመነታ። “ለአንዲት እናት። ቅድም መጥተው ‘ለባለቤቴ ሐውልት መስለኸዋል፤ ለካ ዓይኑ ደክሟል። ከጠፋብኝ የሚመጣው ወደ አንተ ነው። በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳትወርድ’ አሉኝ። ልጅ እንኳን የለኝም። ጓደኞቼ ለእረፍት ሲጠሩኝ ሳልወርድ ቀረሁ። እግሬ የእኔ መሆኑን ከረሳሁት ቆየሁ።”

ቀያሹ እጁ ላይ የቀረውን ቀለም በጣቱ አሻሸ።

“‘እንዳትነግረው’ም ብለውኛል” አለ ሐውልቱ።

“ነገርከኝ እኮ!”

“አልንቀሳቀስም አልኩ እንጂ አልናገርም አላልኩም።”

ቀያሹ ተመልሶ ተቀመጠ። መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ ተናደደ፤ እሷም ደበቀችው ማለት ነው። ከዚያ ቀይ የለበሰችው ዳንሰኛ፣ የገመዱ ጺም፣ ያ ሁሉ ወሬ በአንድ ጊዜ ገባው። እሱ የሚጠብቃት መስሎት ክንዷን ይዞ ሲንጎራደድ፣ እሷ ከተማውን አንድ በአንድ እየቆረሰች ስታጎርሰው ነው የዋለችው።

ከዚያ ኮቴዋን ሰማ፤ ከሺህ ኮቴ ይለየዋል። ትሮጣለች፤ በዚህ ዕድሜዋ ትሮጣለች።

“አገኘሁህ! አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው? መንገዱን ዘግተውብኝ በየት በየት ዞሬ መጣሁ! አልተጎዳህም? እጅህ ምን ሆኗል?”

“ቀለም ነው” አለ። “ነገረኝ።”

ስልከኛዋ ቀና ብላ አየች። ሐውልቱ ጃንጥላውን አጠፈ፣ አንድ እግሩን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ እያነከሰ ወረደና “እናቴ፣ ይቅርታ” ብሎ ወደ እረፍቱ ሹልክ አለ። ቋሚ ነጥቡ በገዛ እግሩ ሲሄድ ቀያሹ ኮቴውን እያዳመጠ ሸኘው።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ቀያሹ ከክረምቱ ጀምሮ አፉ ውስጥ ያቆየውን ቃል አወጣው።

“ፊትሽ አይታየኝም።”

እሷ እጁን ያዘችና መዳቡን በቀሚሷ ጠረገችለት። ቆይታ “ታዲያ ባለፈው ፀጉሬን ስሠራ ‘አምሮብሻል’ ያልከኝ?” አለች።

“ፀጉር ቤት እንደነበርሽ ሽታሽ ነግሮኛል። የቀረው ግምት ነው። ቀያሽ አይደለሁ?”

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

“ለልጅቷ ትነግሪያታለሽ?”

“እነግራታለሁ። ዓይንህን ሐኪም ማየት አለበት። የሚድን ከሆነስ? ደብቀህ ልታበላሸው ነው?”

“ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ከበር አታስወጡኝም።”

አወጣው እንግዲህ። ሲፈራው የኖረው ይህን ነበር፤ ተናገረው። ስልከኛዋ “ምን በወጣህ!” ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። ልታጽናናው ብትዋሽ ኖሮ እሱ ደግሞ የመስማት ችግር የለበትም፣ ያውቅባት ነበር።

“አላውቅም” አለች። “እውነቱን ልንገርህ፣ አላውቅም። ዛሬ ስትጠፋብኝ ነፍሴ ወጥታ ነው የተመለሰችው።”

ሊከራከር አፉን ሲከፍት አደባባዩ ድንገት ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ እንደተዘጋ ሬዲዮ ጭጭ። ቀያሹ ክርክሩን ረስቶ ጆሮውን ቀሰረ።

“ምንድነው? ምን መጣ?”

“ገመድ ወጥረዋል። ከነጩ ሕንፃ ጣራ እስከ ማዶኛው። አንዲት ሴት ወጥታበታለች።”

“ዘንግ ይዛለች?”

“አልያዘችም። ባዶ እጇን ነች።”

“ጫማ አድርጋለች ወይስ በባዶ እግሯ?”

ስልከኛዋ በአንድ እጇ እጁን እንደያዘች ሌላውን ግንባሯ ላይ አድርጋ ፀሐዩን ከለለች።

“ቆይ” አለች፣ “ልይልህ።”