ዘጠኝ ላይ የቆመው ቆጣሪ

ኡቦን ከወተት ካርቶን ቆርጣ በሠራችው ሰዓት ላይ አጭሩን ቆጣሪ ዘጠኝ ላይ አቆመችና ልጇን አየቻት። የላምፓንግ ከተማው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የሚገቡትን ቅዳሜ ይፈትናል፤ ሰዓት ማንበብ የማይችል ልጅ አይቀበልም።

«ጠዋት ነው። ስንት ሰዓት ነው፣ ሙክ?»

«ሦስት!» አለች አማቷ ቡንማ ከምድጃው በኩል።

«እማዬ፣ እርስዎን አልጠየቅኩም።»

«ልጅቷ እንዳትሳሳት ብዬ ነዋ። ፀሐይ ወጥታ፣ መነኮሳቱ ምጽዋታቸውን ይዘው ሲመለሱ ነው ቆጠራው የሚጀምረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልጄንም እንዲሁ ነው ያስተማርኩት።»

ኡቦን ስለ ሟቹ ባሏ ከአማቷ ጋር አትከራከርም። አሮጊቷም ይህን ስለምታውቅ እሱን የምታነሣው እንደ ዱላ ነው።

«ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው የተጻፈውን ነው። የተጻፈው ደግሞ ዘጠኝ ነው።»

«እንግዲያው ቤቴ ተቀምጠሽ ውሸታም በይኛ!»

«ውሸታም አላልኩም። ቆጠራዎ ጊዜው ያለፈበት ነው እንጂ።»

ሙክ የሚጣበቀውን ሩዝ በጣቶቿ እያድቦለቦለች አንዴ እናቷን፣ አንዴ አያቷን ታያለች። ዘጠኝ ስትል አያቷ ሳህን ታጋጫለች፤ ሦስት ስትል እናቷ ካርቶኑን ትወረውራለች። ሳምንቱ በዚሁ አለቀ።

ቅዳሜ ሁለቱም ልጅቷን ይዘው ሄዱ።

«እርስዎን ምን አመጣዎት?»

«የልጅ ልጄ አይደለችም እንዴ?»

የመፈተኛው ክፍል በር ክፍት ነበር። ደፉ ላይ በትከሻ እየተገፋፉ ቆሙ። ፈታኟ ቀለማት ጠየቀች፤ ሙክ ሳትደናቀፍ መለሰች። ቁጥርም ቆጠረች። ከዚያ ፈታኟ የእንጨት ሰዓት አነሣችና አጭሩን ቆጣሪ ዘጠኝ ላይ አደረገችው።

«ጠዋት ነው እንበል፣ የኔ ቆንጆ። ስንት ሰዓት ነው?»

ሙክ ወደ በሩ ዞረች። ኡቦን ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ «ዘጠኝ» አለች። የአሮጊቷም ከንፈር ሲንቀሳቀስ በጎን አየች። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ፈታኟ ደግማ ጠየቀች፤ ጠበቀች።

«ይቺ ልጅ ገና ሰዓት አታውቅም» አለች በመጨረሻ ወደ በሩ ቀና ብላ። «ለከርሞ አምጧት።»

ወደ ቤት በተሳፈሩበት የጋራ ታክሲ ውስጥ ልጅቷን መሐል አድርገው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ኡቦን ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ታውቂው የለም እንዴ? ለምን ዝም አልሽ?»

«ሁለታችሁም በር ላይ ነበራችኋ» አለች ሙክ።

«ሰማሽ?» አለች ቡንማ። «ልጅቷን ድዳ አደረግሻት።»

«እኔ? እርስዎ ነዎት እንጂ!»

ሙክ ከመሐላቸው ተነሣች። የሚወዛወዘውን የመያዣ ብረት ይዛ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ወደተቀመጡበት ወደ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ተሻገረች።