ዋኘው ቆሞ ሳለ

ባሌን ዋኘውን ሐኪም ቤት የምወስደው ሲወድቅ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በማንም አላላክክም። ሲወድቅ እህል አይቀምስም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሁለት ሦስት ሳምንት ይተኛል። እየጎተትኩ ከሉማሜ ደብረ ማርቆስ አደርሰዋለሁ። ሐኪሟ ሂዊ የተኛ ሰው ታያለች፣ ለተኛ ሰው የሚሆን መድኃኒት ትሰጣለች። ምን ታድርግ? ከዚያ ይነሳል። መነሳት ብሎ ዝም ነው! እንቅልፍ የለ፣ ወሬው አያልቅ፣ የሦስት ቀን እርሻ በአንድ ቀን ይጨርሳል። እኛም ዳነ ብለን ተመስገን እንላለን። የዳነን ሰው ማን ሐኪም ቤት ይወስዳል?

መጋቢት ላይ ሲወድቅ ግን፣ «ሥራነሽ፣ ከእንግዲህ የምነሳ አይመስለኝም፤ ሞት አማረኝ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንጀራ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ከወር በላይ ተኝቶ ግንቦት ሲገባ ተነሳ። ሰፈሩ ደስ አለው፣ እኔ ፈራሁ። የሚቀጥለው ውድቀት ሳይወስድብኝ፣ ቆሞ ሳለ ሐኪሟ ትየው ብዬ ቆረጥኩ።

ያልተቆጣኝ የለም። እናቱ ደህናውን ሰው ምን ልታደርጊው ነው አሉኝ። ሌላው ደግሞ ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ እያለ ተረተብኝ፤ ጥጋብ ነው፣ ይበርድለታል ማለቱ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ዋኘውንም አልዋሸሁትም። ተኝተህ ያየችህ ሐኪም ቆመህ ትይህ ነው ያልኩት። ይሄማ ደስ አለው! ጠዋት ከኔ ቀድሞ ለብሶ በር ላይ ጠበቀኝ።

መንገድ ላይ ልውረድ ቢል ብቻዬን አልችለውም። ስለዚህ ጎረቤታችንን አበረን ለመንኩት። አበረ የወንፈል ባልንጀራው ነው፤ አንድ ቀን ዋኘው ለሱ ይሠራል፣ አንድ ቀን እሱ ለዋኘው። መምጣቱን መጣ፣ ግን የባልሽ ወንፈል ወንፈል አይባልም፣ ቀጥሮ ይቀራል እያለ እስከ ማርቆስ ጆሮዬን በላው። ዋኘው ደግሞ ሊተክል ስላሰበው ወፍጮ ለሾፌሩ ያወራል። አሥር ጊዜ ይነሳል፣ አሥር ጊዜ ይቀመጣል።

ሂዊ ስታየው ያው ሰው አልመስል አላት። ካርዱን አየች፣ እሱን አየች፣ ወደኔ ዞራ በዓመት ስንት ጊዜ እንዲህ ይለዋወጣል አለችኝ። ኧረ እኔ ምን አውቄ! እሳት ውስጥ ያለ ሰው ቀን አይቆጥርም። ሁልጊዜ ነው አልኳት። የትኛው ወር ወደቀ፣ የትኛው ወር ተነሳ ስትለኝ ሁሉም ተምታታብኝ። ይሄን ሁሉ ተሟግቼ ባዶ እጄን ልመለስ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

ይሄኔ አበረ፣ «እኔ አውቃለሁ» አለ።

ቂም ምን ይረሳል! «አምና ሰኔ ላይ የራሱንም የኔንም ማሳ ሳይተኛ አረሰ፣ ሐምሌ የኔን ጤፍ ልንዘራ ቀጥሮኝ ቀረ» አለ። መስከረም አረም ላይ ከሁላችን በለጠ፣ ጥቅምት ጠፋ። ኅዳር ሳይጠሩት መጥቶ አጨደ፣ ታኅሣሥ ውቂያ ላይ አልተገኘም። የካቲት ከሦስት ሰው ጋር ወንፈል ገባ፣ መጋቢት የአንዱንም አልሠራ። ሽማግሌ ፊት ሊከስበት ያጠራቀመውን ሁሉ ዘረገፈው። ሂዊ ትጽፋለች።

ስትጨርስ ቆጠረችው። አራት መውደቅ፣ ከአሁኑ ጋር አምስት መነሳት። ባይፖላር የሚባል፣ መውደቅና መነሳት የሚያፈራርቅ የአእምሮ ሕመም ነው አለች፤ በዓመት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሆን ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰው ዓይነት ነው። መነሳቱን ስላላየች ለመውደቁ ብቻ የሰጠችው መድኃኒት ሳያባብሰው እንዳልቀረ አልደበቀችንም። ደም ተመርምሮ ሌላ መጀመር አለበት፤ መነሳቱም ሕመም ነው አለች።

ይህን ሲሰማ ዋኘው ብድግ አለ። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ በሽተኛ የሚለኝ ማነው ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ይሄን በር ከወጣ ማንም እንደማይመልሰው አውቃለሁ። አበረ ከበሩ ፊት ቆመ፣ ግን እጁን አልያዘውም።

«ዋኘው፣ ሰነፍ መስለኸኝ ቂም ይዤብህ ነበር» አለው። «ታመህ ነው ለካ። ወንድሜ፣ ተቀመጥ።»

ዋኘው በሩንም አበረንም አየ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ለደሙ ክንዱን ሰጠ።

መድኃኒቱ በአንድ ጀንበር አልሠራም። ሁለት ጊዜ አልውጥም ብሎኛል፣ ሁለቱንም ጊዜ ተጣልቼ አስውጬዋለሁ። ቀጠሮም አላስቀረሁም። ሐምሌ ላይ ከአበረ ጋር ጤፍ ሲዘሩ፣ ገና ረፋድ ሳይሆን ሞፈሩን ለአበረ ትቶ ወደ ቤት መጣ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ሥራነሽ፣ ጀመረኝ» አለኝ። «ሳልተኛ እንሂድ።»

ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ እሱ ቀድሞኝ አስፋልቱ ዳር ደርሷል።