የጎደለው እትም

«የሚፍታሕን ልብስ ሰጡ፣ ዝም አልኩ። ጫማውን ሰጡ፣ ዝም አልኩ። ይኼን ግን አይነኩትም» አለች ፋኢዛ፣ ካርቶኑን በሁለት እጇ እንዳቀፈች።

አባቷ አደም ከሱቁ ጥግ፣ ከስኳሩ ጆንያ ላይ ቀና አለ። «ነገ ሰደቃው ነው። ለወዳጁ ይድረስ አልኩ እንጂ ልጣለው አላልኩም።»

«ሲመጣስ? የት አደረሳችሁት ቢለኝ ምን ልበለው?»

«አይመጣም፣ ልጄ። ጀልባው ላይ አብሮት የነበረው ልጅ ራሱ ደውሎ ነግሮናል።»

«ሬሳውን አይቷል?»

አደም ወደ ጆንያው አጎነበሰ። ወንድሟ ሚፍታሕ ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ባሕር ላይ ከቀረ ክረምቱ አልፎ በጋ ገብቷል። እናቷ ሙሚና እርሟን አውጥታለች። ፋኢዛ ግን ሰደቃው በተነሳ ቁጥር ከሱቁ ወጥታ ትሄዳለች።

በካርቶኑ ውስጥ ያሉት የድሮ የእንግሊዝኛ ኮሚኮች፣ ታሪክ በሥዕል የሚነግሩ መጽሔቶች ናቸው። በድርቁ ዘመን የአያቷን ቤት ተከራይቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ጥሏቸው ሄዶ፣ ሚፍታሕ በልጅነቱ ከቆጥ ላይ አገኛቸው። የሚበሩ ሰዎች፣ ጨረቃ ላይ የተሠራ ከተማ፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ባለ ሦስት ዓይን ነጋዴዎች አሉባቸው።

ይሄይስ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ ለትምህርት መጥቶ ከሚፍታሕ ጋር በአንድ ዴስክ የተማረ ነው፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ካርቶኑን እንዲወስድ ያስጠራውም አደም ነው።

«ጋሼ አደም፣ እሷ ካልወደደች ይቅር።»

«ግባ» አለችው ፋኢዛ። «ማየትን ማን ከለከለህ።»

ይሄይስ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀመጠ። አንዱን አወጣና ጀርባው እንዳይሰበር በመዳፉ ደግፎ ቀስ ብሎ ከፈተው። ሚፍታሕ ያስለመደው እንደዚያ ነው። ወረቀቱ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ ቀዩ ግን አሁንም ቀይ ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት የጀግናው ፊት ሁሉ ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው።

«የማን ሥራ ነው?» አለች ሳታስበው።

«ጣቱን አታዪም? የባለ ትልልቅ ጣቱ ነዋ።» የሠዓሊዎቹን ስም ስለማያውቁ ባለ ትልልቅ ጣቱ፣ ባለ ዝናቡ እያሉ ነበር የሚለዩአቸው። «ይኼ ሰውዬ የሚወድቅ ሰው ሲስል ክብደቱ ይሰማሻል።»

«ሚፍታሕ ያለውን ነው የምትደግመው።»

«ታዲያ ከማን ልማር? ለታናናሾቼ በቋንቋችን በኽምጣና ስነግራቸው፣ ጨረቃ ላይ ከተማ አለ የሚለውን ካላየን አናምንም አሉ። ወንድምሽ ደግሞ አንዲት ወረቀት ከዚህ ቤት አትወጣም ብሎኝ፣ ውሸታም ሆኜ ቀረሁ።»

ፋኢዛ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ይሄይስ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። ጀግናው ከመንኮራኩሩ ተለይቶ በጨለማው ውስጥ ብቻውን ይንሳፈፋል፤ የአየር ቱቦው ተበጥሷል። ቀጣዩ እትም ካርቶኑ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ባለው እትም ሰውየው ምንም እንዳልሆነ ቁርሱን ይበላል።

«እንዴት ነበር የዳነው?» አለች።

ይሄይስ ገጹን ወደ እሷ አዞረው።

«ሚፍታሕ ይነግረን አልነበር? አንዱን ንገረኝ።»

«አንዴ ጅራታም ኮከብ ይዞ ነው ይላል። አንዴ ደግሞ...» መጽሔቱን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «በየጊዜው ሌላ ነበር፣ ፋኢዛ። ትናንት እንዲህ አላልክም ስንለው ያ የትናንት ነው ይለናል። የዛሬውን ግን እኔ አላውቅም።»

«ሞክር እስቲ።»

«ከእኔ አይወጣም።»

ፋኢዛ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ መጽሔቱን ተቀብላ በቦታው መለሰችው፣ ካርቶኑን ከደነችና በሲባጎ ዙሪያውን አሰረችው።

«እርጥበት እንዳይነካው» አለችው፣ ካርቶኑን ወደ እሱ ገፍታ።

ወደ ጓዳ ገባች። እናቷ ለነገው ሰደቃ ሩዝ ትለቅም ነበር። ፋኢዛ አጠገቧ ተቀመጠችና ከትሪው ዳር እፍኝ ሩዝ ወደ ራሷ ስባ ጠጠሩን መለየት ጀመረች። ሙሚና ቀና ብላ አየቻት፤ ትሪውን ወደ እሷ ጠጋ አደረገችው።

አደም ለአንዲት ገበያተኛ ስኳር ይመዝናል። ይሄይስ ካርቶኑን አቅፎ፣ በሴትዮዋ ጀርባ በኩል አልፎ ወጣ።